የባንክ ማኅበራዊ ኢንቨስትመንት በትምህርትና በባህል፦ ከበጀት ውሳኔ እስከ ቁልፍ ርክክብ

በባንክ ውስጥ የማኅበራዊ ኃላፊነት ሥራ የተሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዕቅድ ሳይሆን ከደብዳቤ ክምር ነው። አንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍል ጣሪያ እንዲቀየርለት ይጠይቃል፤ የቴአትር ቡድን ለልምምድ አዳራሽ ኪራይ እርዳታ ይፈልጋል፤ የሙዚየም ኃላፊ ለቅርሶች መደርደሪያ ያመለክታል፤ የባንኩ ትልቅ ደንበኛ ደግሞ የዘመዱ መጽሐፍ ምርቃት እንዳይረሳ በስልክ ያሳስባል። ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ሲታደል በጀቱ ያልቃል፤ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ረጅም የተደጋፊዎች ዝርዝር ይወጣል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ቆሞ የሚታይ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን አሠራር መለወጥ ለሚፈልግ ባለሙያና የሥራ ኃላፊ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱን ወጪዎች አይቀላቅሉ

ከባንክ ወደ ማኅበረሰቡ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለደረሰ አደጋ ወይም ለቀረበ ማመልከቻ ተሰጥቶ ውጤቱ የማይጠየቅበት ገንዘብ ልገሳ ነው። የባንኩ ስምና ዓርማ እንዲታይ የሚከፈለው ገንዘብ ስፖንሰርሺፕ ነው፤ የፈለገውን ያህል የከበረ ስም ቢሰጠውም የማስታወቂያ ወጪ ከመሆን አያልፍም። ማኅበራዊ ኢንቨስትመንት የሚባለው ግን አንድን ተለይቶ የታወቀ ችግር ለማቃለል፣ ለተወሰኑ ዓመታት፣ አስቀድሞ በተቀመጠ ግብና መለኪያ የሚውል ሀብት ነው፤ ሀብቱም ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሠራተኞች ጊዜ፣ ሕንፃ፣ ዕቃና ሙያ ሊሆን ይችላል። በ1994 በእንግሊዝ የተጀመረውና ኋላ በብዙ አገሮች ያሉ ኩባንያዎች የተቀበሉት የለንደን ቤንችማርኪንግ ግሩፕ የአመዘጋገብ ዘዴ ከዚሁ ልዩነት ይነሣል፤ ድጋፉ ለምን እንደተሰጠ ለይቶ ከመዘገበ በኋላ፣ በምን መልክ እንደተሰጠ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ፣ በሠራተኛ ጊዜ፣ በዓይነትና በማስተዳደሪያ ወጪ ከፍሎ ያሰፍራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባራዊ እርምጃ የፋይናንስ ክፍሉ ሦስት የተለያዩ የወጪ መደቦች እንዲከፍት ማድረግ ነው። የማርኬቲንግ ክፍሉ ለአንድ የሙዚቃ ድግስ የሚያወጣው ገንዘብ ከማኅበራዊ ኢንቨስትመንቱ መደብ እንዳይወራረድ በጽሑፍ ይከልከል። ይህ የቢሮክራሲ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ክፍፍሉ በሌለበት ባንክ የትምህርትና የባህል በጀት ቀስ በቀስ የባነርና የመድረክ ማስጌጫ በጀት ይሆናል። በህንድ የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት ደንብም ለማስታወቂያ ጥቅም የሚደረግ ስፖንሰርሺፕና የኩባንያውን ሠራተኞች ብቻ የሚጠቅም ተግባር በግዴታ ወጪው ውስጥ አይቆጠሩም።

ገንዘቡ ከየት፣ በምን ቀመር?

የዓመቱ ገንዘብ በሥራ አመራሩ መልካም ፈቃድ የሚወሰን ከሆነ ዘላቂ ፕሮግራም መገንባት አይቻልም። የዳይሬክተሮች ቦርድ ከተጣራ ትርፍ ስንት በመቶ እንደሚመደብ በፖሊሲ ይወስን፤ የሕግ ማዕቀፉ የሚጠይቅ ከሆነም ጉዳዩ ለባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ። የህንድ የ2013 የኩባንያዎች ሕግ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፍ ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ተግባር እንዲያውሉ ያዝዛል። የሚገዛዎት ሕግ እንዲህ ያለ ግዴታ ባይጥልም የቀመሩን ብልሃት መዋስ ይቻላል፤ ብልሃቱ ያለው በመቶኛው ላይ ሳይሆን በ«ሦስት ዓመት አማካይ» ላይ ነው። ባንክ አንድ ዓመት በተበላሹ ብድሮች ምክንያት ትርፉ ቢያሽቆለቁል፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች የነፃ ትምህርት ዕድል ተጠቃሚ ከመንገድ እንዳትቀር የሚያደርገው ይኸው አማካይ ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ቢያንስ የአንድ ዓመት ግዴታን የሚሸፍን መጠባበቂያ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ።

ባንኩ ሥራውን በራሱ ክፍል ያከናውን ወይስ ፋውንዴሽን ያቋቁም የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። በጀቱ አነስተኛ ከሆነ ሁለትና ሦስት ባለሙያ ያለው ክፍል ይበቃል፤ ፋውንዴሽን የራሱ ቦርድ፣ ኦዲተርና የምዝገባ ጣጣ አለውና። ገንዘቡ ከፍ ሲልና ግዴታዎቹ ከሥራ አመራር መለዋወጥ ተጠብቀው እንዲቆዩ ሲፈለግ ግን ፋውንዴሽን የተሻለ ነው። በዚህ ረገድ የጣሊያኗ የሲየና ከተማ ታሪክ በደንብ ሊጠና ይገባዋል። በ1472 የተመሠረተውና በዓለም ላይ እስካሁን ከዘለቁት ባንኮች ሁሉ አንጋፋ የሚባለው ሞንቴ ዴይ ፓስኪ ዲ ሲየና፣ የጣሊያን የ1990 ሕግ የባንክን ሥራ ከበጎ አድራጎት ሥራ እንዲለይ ካደረገ በኋላ፣ የአክሲዮኑን አብላጫ የያዘ ፋውንዴሽን ኖረው። ፋውንዴሽኑ ለከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ለጥበብ ተቋማቷና ለስፖርቷ ለዓመታት ዋና የገንዘብ ምንጭ ነበር። ይሁንና ሀብቱ በአብዛኛው በዚያው በአንድ ባንክ አክሲዮን ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ ባንኩ በ2007 አንቶንቬኔታ የተባለውን ባንክ 9 ቢሊዮን ዩሮ በሚያህል ዋጋ ለመግዛት ከተስማማ በኋላ በተከተለው የፋይናንስ ቀውስ የአክሲዮኑ ዋጋ ሲወድቅ ፋውንዴሽኑም አብሮ ወደቀ፤ ድርሻው እንዳይቀንስበት ተበድሮ አክሲዮን እስከመግዛት መድረሱም ጉዳቱን አከፋው። ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፦ ለፋውንዴሽን ቋሚ ሀብት ሲመደብ ከባንኩ አክሲዮን ውጭ በተለያዩ ንብረቶች ላይ ተበትኖ ይቀመጥ፤ ፋውንዴሽኑም የባንኩን ቁጥጥር ለመጠበቅ ሲባል ከቶ አይበደር።

ምን ይመረጥ?

ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት መስክ ይበቃል። ለመምረጥ ባንኩ ከሌላው በተለየ ምን እንዳለው መጠየቅ ይረዳል፤ በየአካባቢው የተዘረጉ ቅርንጫፎች፣ ክፍያን በአስተማማኝ የሚያደርስ ሥርዓት፣ ሒሳብና ኦዲት የሚያውቁ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ታሪካዊ ሕንፃ። የመረጡት መስክ በጽሑፍ ይውጣ፤ የማይደገፉትም ነገሮች አብረው ይዘርዘሩ። እንቢ ማለት የሚከብደው ምክንያት ሲፈጠር ሳይሆን ፖሊሲ ሲጠፋ ነው።

በትምህርት በኩል

በትምህርት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ የሚያሳፍር ውጤት ያመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ለዚህም ይመስለኛል ጥያቄ ሳይጠየቅ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። በኬንያ ገጠር ለሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት ታድለው ውጤቱ በጥንቃቄ ሲመዘን፣ የተማሪዎች አማካይ ውጤት አልጨመረም ነበር፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ነበሩ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለነበር ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ በሆነ ቋንቋ ማንበብ ግድ ነበር። በፔሩም ለገጠር ትምህርት ቤቶች በስፋት የተሠራጩት ላፕቶፖች በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የሚታይ ለውጥ አላመጡም። ይህ ማለት መጽሐፍና ኮምፒዩተር አይጠቅሙም ማለት አይደለም። ዕቃ ከመግዛት በፊት «ልጁ አሁን ምን ማንበብ ይችላል? መምህሩስ ዕቃውን ምን ያደርግበታል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በአንጻሩ በ1995 በሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት የተከተለው መንገድ ዕቃን ሳይሆን የተማሪዎችን አመዳደብ ይለውጣል፤ ልጆቹ በክፍል ደረጃቸው ወይም በዕድሜያቸው ሳይሆን በአጭር የቃል ፈተና በተለየው የንባብና የስሌት ደረጃቸው ተቧድነው በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይማራሉ። በተደጋጋሚ የተደረጉ ምዘናዎች ውጤታማነቱን አሳይተዋል፤ ዋናው ወጪውም የአሠልጣኞችና የክትትል ወጪ ነው። ለባንክ ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም አንድ እንከን አለው፤ ሪባን የሚቆረጥበት ሕንፃ የለውም። ይህንን እንከን መቀበል የሚችል ቦርድ ካለዎት ከገንዘብዎ ብዙ ፍሬ ያገኛሉ።

ሕንፃ መሥራት የግድ ከሆነ ደግሞ አንድ ደንብ ይኑርዎት፦ የሥራ ማስኬጃ ወጪው ከየት እንደሚመጣ በፊርማ ሳይረጋገጥ መሠረት አይጣል። ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ግድግዳውና መደርደሪያው ሳይሆን የሚከፍተው ሰው፣ በየዓመቱ የሚገባው አዲስ መጽሐፍና የመብራት ሒሳቡ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ደመወዝ ለስንት ዓመት፣ በማን እንደሚከፈል ስምምነቱ ካልገለጸ፣ ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ የሚቀርበት ቀን ሩቅ አይሆንም።

ነፃ የትምህርት ዕድል ባንኮች በስፋት የሚመርጡት መስክ ነው፤ ለባንክም ይስማማል፤ ምክንያቱም ክፍያ ማድረስ የባንክ ሥራ ነው። የኬንያው ኢኩዊቲ ባንክ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2010 የጀመረው «ዊንግስ ቱ ፍላይ» የተባለ ፕሮግራም ጎበዝ ሆነው ለመክፈል አቅም ላነሳቸው ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚሸፍን ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት ክፍያ በተጨማሪ መጻሕፍትን፣ የደንብ ልብስን፣ ትራንስፖርትንና የኪስ ገንዘብን ያካትታል፤ ምልመላው ላይ የአካባቢው ማኅበረሰብ ተወካዮች ይሳተፋሉ፤ ለተማሪዎቹም አማካሪዎች ይመደባሉ። ከዚህ የሚቀዳው ዋና ነገር የወጪው ሙሉነት ነው። የትምህርት ክፍያው ተከፍሎ የመጓጓዣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ባንኩ ያወጣው ገንዘብም ከእርሱ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ለ100 ተማሪ ግማሽ ወጪ ከመሸፈን ለ50 ተማሪ ሙሉውን መሸፈን ይሻላል።

ምልመላውን በተመለከተ መስፈርቱ በአካባቢው ቋንቋ ይታወጅ፤ ማመልከቻው በወረቀትም የሚቀበሉት ይሁን፤ የቤት ጉብኝት የሚያደርገው ሰው የአመልካቹን ቤተሰብ የማያውቅ ይሁን። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ በኮሚቴው ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ የመወሰን ድምፅ ግን ባይሰጠው ይመረጣል፤ ከአመልካቹ አባት ጋር ስለ ቁጠባ ሒሳብ ሲነጋገር የሚውለው እርሱ ነውና። የተቀበሉትን ተማሪ የሚመለከተው ግዴታ እስከ ምረቃ ድረስ የሚዘልቅ እንዲሆን ገንዘቡ በመጀመሪያው ዓመት ላይ በሙሉ ይያዝለት። ተማሪዋ አንድ መንፈቅ ውጤቷ ቢወርድ ወዲያው ከማባረር በፊት የማስጠናከሪያ ትምህርት የምታገኝበት ጊዜ በደንቡ ውስጥ ይካተት። የተማሪዎችን ፎቶግራፍ «ድሆች ነበሩ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ማውጣት በጭራሽ አይፈቀድ፤ ባንክ የደንበኛውን ሚስጥር እንደሚጠብቅ ሁሉ የተማሪውንም ሊጠብቅ ይገባዋል።

የፋይናንስ ትምህርትም ለባንክ የሚቀርብ መስክ ነው። ሥልጠናው ስለ በጀት፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ወለድ አሰላልና ስለ ማጭበርበር እንጂ ስለ ባንኩ ምርቶች እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ቀላል መፈተኛ አለው፤ ከሥልጠናው ሰነድ የባንኩ ስም ቢፋቅ ትምህርቱ ሙሉ ሆኖ ይቀራል ወይ?

በባህል በኩል

ባህልን መደገፍ ከትምህርት ይልቅ ይከብዳል፤ ውጤቱ ቶሎ አይታይም፤ ጣዕምም ይገባበታል። ለዚህ ነው ብዙ ባንኮች የአንድ ቀን ዝግጅት ስፖንሰር አድርገው የሚመለሱት። ነገር ግን ባንኮች ከራሳቸው ሥራና ታሪክ ተነሥተው ለባህል ብዙ የሠሩበት ልምድ አለ። የኮሎምቢያ ማዕከላዊ ባንክ በ1939 ከቅድመ ስፔን ዘመን የቀረ፣ «ፖፖሮ ኪምባያ» የተባለ ከወርቅ የተሠራ የኖራ ዱቄት መያዣ ገዝቶ በማስቀመጡ የወርቅ ሙዚየሙ ተጀመረ። ወርቅ ለሚገዛ ባንክ ዕቃው በክብደቱ የሚተመን ብረት ሆኖ ሊታይ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ከመቅለጥ የሚድን ቅርስ አድርጎ ወሰደው። ይኸው ባንክ በ1958 በቦጎታ የሉዊስ አንኸል አራንጎን ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል። የብራዚል ባንክ በሪዮ ዲ ጄኔሮ የነበረውን አሮጌ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ1989 የባህል ማዕከል አድርጎታል፤ በባርሴሎናም ላ ካይሻ የተባለው የቁጠባ ባንክ የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አድሶ በ2002 ለአውደ ርዕይና ለሙዚቃ ክፍት አድርጓል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የራስን ጓዳ መፈተሽ ተገቢ ነው። የባንኩ አሮጌ መዛግብት፣ የገንዘብ ኖቶች ናሙናዎች፣ የሒሳብ መዝገቦች፣ የሕንፃ ንድፎችና ፎቶግራፎች ለኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ ውድ ሀብት ናቸው። የሚያስፈልጉት የሰለጠነ የመዛግብት ባለሙያ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ የተመጠነ ክፍልና የደንበኞችን ሚስጥር የሚጠብቅ የጊዜ ገደብ ደንብ ናቸው፤ የትኛው መዝገብ ከስንት ዓመት በኋላ ለተመራማሪ እንደሚከፈት የሕግ ክፍሉ ይወስን።

ጥንታዊ ጽሑፎችን ወይም የድምፅ ቅጂዎችን ወደ ዲጂታል መለወጥ ሲታሰብ፣ ከማንሣቱ ይልቅ መግለጫ መጻፉ ብዙ ጊዜና ሙያ እንደሚወስድ ታሳቢ ይደረግ። መግለጫ የሌለው ምስል ማውጫ እንደሌለው መዝገብ ነው፤ አለ ይባላል እንጂ አይገኝም። የመጀመሪያው ቅጂ በባለቤቱ እጅ እንዲቆይ፣ ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ቦታ እንዲቀመጥ፣ የቅጂ መብቱም ወደ ባንኩ እንዳይዛወር በውሉ ላይ ይስፈር። የማከማቻ ወጪው በየዓመቱ የሚከፈል መሆኑም አይዘንጋ።

የማይዳሰሱ ቅርሶችን፣ ማለትም ቃላዊ ትውፊትን፣ ዜማን፣ ክብረ በዓልንና የእጅ ሙያን በሚመለከት የዩኔስኮ የ2003 ስምምነት የባህሉ ባለቤት የሆነው ማኅበረሰብ በተቻለ መጠን በሰፊው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። በተግባር ይህ ማለት ባንኩ የሸማኔውን ጥለት ለቀን መቁጠሪያ ከመጠቀሙ በፊት ሸማኔዎቹን ያስፈቅዳል፤ ይከፍላልም ማለት ነው። በዚህ መስክ የተሻለ ሆኖ የሚታየኝ ድጋፍ ለባለሙያው ተለማማጅ እንዲያስተምር ደመወዝ መክፈል ነው። በዓሉ ላይ ድንኳን መትከል ለአንድ ቀን ይታያል፤ ሙያውን የተረከበ አንድ ወጣት ግን ለ40 ዓመት ይሠራል።

የሥዕል ስብስብ የሚገዛ ባንክ ሦስት ነገሮች ቀድመው ያስፈልጉታል፤ ከባንኩ ውጭ የሆኑ ባለሙያዎች ያሉበት መራጭ ኮሚቴ፣ የቦርድ አባላትና ዘመዶቻቸው ሥራቸውን እንዳይሸጡለት የሚከለክል ደንብ፣ እንዲሁም ሥዕሉ ለሕዝብ የሚታይበት ቦታ። በዋና ሥራ አስፈጻሚው ቢሮ ውስጥ የተሰቀለ ሥዕል የቢሮ ዕቃ ነው። ለደራስያንም ሆነ ለቴአትር ቡድኖች ድጋፍ ሲደረግ ባንኩ በይዘቱ ላይ እንደማይገባ በስምምነቱ ይገለጽ፤ ሽልማት ከተቋቋመም ዳኞቹና የውድድሩ ደንብ አስቀድመው ይታወቁ።

ውል፣ ክፍያና ክትትል

አጋር ድርጅት ሲመረጥ ባንኩ ብድር ለመስጠት የሚጠቀምበትን ጥንቃቄ ለድጋፉም ይጠቀም። ምዝገባው፣ የኦዲት ሪፖርቱ፣ የሥራ አመራር አባላቱ ማንነትና የባንክ ሒሳቡ ይመርመሩ፤ በአመራሩ ውስጥ ለፖለቲካ ተጋላጭነት ያለው ሰው፣ ማለትም ከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን ያለው ወይም የነበረው ሰው፣ ካለ ጉዳዩ ለሕግ ተገዢነት ክፍል ይመራ። የባንኩ የቦርድ አባል ወይም ከፍተኛ ተበዳሪ ጥቅም ካለበት በውሳኔው እንዳይሳተፍ ይደረግ፤ በምርጫ ሰሞን አዲስ ድጋፍ አለማጽደቅም ብልህነት ነው።

የመግባቢያ ሰነድ ብቻውን አይበቃም፤ የገንዘብ መጠን፣ የክፍያ ጊዜ፣ የሚጠበቅ ውጤትና ውሉ የሚፈርስበት ሁኔታ የተዘረዘሩበት የድጋፍ ውል ያስፈልጋል። ክፍያው በሥራው ሂደት ልክ ይከፋፈል፤ ነገር ግን ትንንሽ ድርጅቶች ከኪሳቸው ሠርተው ኋላ የሚያወራርዱበት አቅም ስለሌላቸው የመጀመሪያው ክፍያ ሥራ ለማስጀመር የሚበቃ ይሁን። የድርጅቱ የጽሕፈት ቤት ኪራይና የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ተመጣጣኝ ድርሻ ይሸፈን፤ «ለፕሮግራም ብቻ» የሚል ጥብቅ ደንብ ያንኑ ወጪ በሌላ ስም እንዲጻፍ ከማድረግ ያለፈ ውጤት የለውም። ሪፖርትም በገንዘቡ ልክ ይጠየቅ።

ለመለካት፣ የወጣውን፣ የተሠራውንና የተለወጠውን ለያይቶ መመዝገብ ይበቃል። ለንባብ ፕሮግራም የወጣው ገንዘብና የሠራተኛ ሰዓት ነው፤ የተሠራው የሰለጠኑ መምህራን ቁጥር ነው፤ የተለወጠው ደግሞ በፕሮግራሙ መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ማንበብ ያልቻሉና በመጨረሻው የቻሉ ልጆች ብዛት ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር የመነሻ ልኬት ይወሰድ፤ ከተቻለም ፕሮግራሙ ገና ባልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ልኬት ይደረግ። በባህል በኩል የጎብኚ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል፤ በነፃ የተገኘ አዳራሽ ሁልጊዜ ይሞላል። ከዚያ ይልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ስንት ናቸው፣ ሙያውን የተማሩት ተለማማጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቶቹ እየሠሩበት ነው የሚሉት ጥያቄዎች ይሻላሉ። ያልተሳካ ፕሮግራም በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ካልተሳካበት ምክንያት ጋር ይጻፍ።

የመውጫውን ቀን በመግቢያው ላይ መጻፍ

የባንኩ ድጋፍ መቼና እንዴት እንደሚያበቃ በመጀመሪያው ውል ላይ ይገለጽ። የተለመደው አካሄድ የባንኩ ድርሻ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ የአጋሩ ወይም የመንግሥት ተቋሙ ድርሻ እየጨመረ እንዲሄድ ማድረግ ነው፤ አዲስ ተማሪ መቀበል ቢቆምም የተቀበሏቸው ተማሪዎች ግን እስኪመረቁ ይደገፋሉ። ከመጨረሻው ክፍያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ የንብረት ቆጠራ ይካሄድ። በርክክቡ ዕለት ከሕንፃው ቁልፍ ጋር የባለቤትነት ማስረጃው፣ የጥገና መመሪያው፣ የዋስትና ሰነዶቹ፣ የዲጂታል ስብስቡ የይለፍ ቃላትና የአቅራቢዎች ዝርዝር በአንድ ማኅደር ተደርገው ይሰጡ፤ በሁለቱም ወገን የሚፈርመውም ሕንፃውን በማግሥቱ የሚከፍተው ሠራተኛ ጭምር ይሁን።